ገብረ ክርስቶስ ደስታ፦ “የባዕድ ነው” የተባለው የሐረር ሠዓሊ

ከጁባ እስከ አዲስ አበባ፣ ወጣት ሠዓልያን ሥራቸውን በማኅበራዊ ሚዲያ ባጋሩ በደቂቃዎች ውስጥ የተመልካች ፍርድ ይደርሳቸዋል። ሠዓሊ ማንነቱን በተመልካች ፍርድ ይቅረጽ ወይስ በራሱ መንገድ ብቻውን ይጓዝ የሚለው ጥያቄ ግን ከስልክ ዘመን በፊትም ነበር። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በዚህ ጥያቄ ውስጥ ኖሮ አልፏል።

እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር ውስጥ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ሲሆኑ መንፈሳዊ መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ነበር። ልጅየው አዲስ አበባ የጀመረውን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አቋርጦ በ1957 ወደ ጀርመኗ ኮሎኝ ለሥዕል ትምህርት አቀና። በዚያም ከረቂቅ ሥዕል ጋር በቅርበት ተዋወቀ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተመልሶ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። በ1963 ሥራዎቹን ለሕዝብ ሲያሳይ፣ ዓይኑ የቅዱሳንንና የነገሥታትን ምስል የለመደው ተመልካች ግራ ተጋባ። ሥዕሎቹ ከአውሮፓ የተቀዱ፣ ኢትዮጵያዊ መልክ የሌላቸው ናቸው የሚል ወቀሳም ተሰነዘረበት።

ወቀሳው ግን ከመንገዱ አልመለሰውም። በዚያው ዓመት የሣለው “ጎልጎታ” ስቅለትን በደማቅ ቀይ ቀለም ያሳያል፤ ርእሰ ጉዳዩ የአባቱ መጻሕፍት ያህል ጥንታዊ፣ አሣሣሉ ግን አዲስ ነው። ባዕድ የተባለው ይኸው ሰው “ሀገሬ”ን የመሰሉ ግጥሞችን በአማርኛ ይጽፍ ነበር። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት የሥነ ጥበብ ሽልማትን ተቀበለ።

በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ መገባደጃ፣ አገሩን ጥሎ ተሰደደ። ጀርመን ቆይቶ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በ1981 በኦክላሆማ ግዛት ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው አረፈ። በአገሩ ሥራው ባዕድ ተብሎ ነበር፤ በባዕድ አገር ደግሞ ከተማሪዎቹና ከአንባቢዎቹ ርቆ ስደተኛ ሆኖ ሞተ።

ግጥሞቹ “መንገድ ስጡኝ ሰፊ” በሚል ርእስ ተሰብስበው የታተሙት ካረፈ ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። ጀርመን የቀሩ ሥዕሎቹም አገራቸው ገብተው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ይገኛሉ። ዛሬ ገብረ ክርስቶስ ከእስክንድር ቦጎሲያን ጋር የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥዕል ፈር ቀዳጅ ተብሎ ይጠራል። ኢትዮጵያዊ አይደሉም የተባሉት ሥዕሎች ዛሬ ኢትዮጵያውያን ወጣት ሠዓልያን የሚማሩባቸው ሆነዋል፤ ያን ፍርድ ግን ሠዓሊው በሕይወት ኖሮ አልሰማውም።