ታዋቂ ሰዎችን እንወቅ፦ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ (1914 – 1979 ዓ.ም.)

በዚህ እትማችን የምናስተዋውቃችሁ ኳስ የሚወድ ሁሉ ስማቸውን ሊያውቀው የሚገባ ኢትዮጵያዊ ናቸው። ልጆቻችን ከትምህርት በኋላ የጨርቅ ኳስ ይዘው ሜዳውን ሲሞሉት የምታዩ ወላጆችም ታሪካቸውን ብትነግሯቸው መልካም ነው። ዓ.ም. ብለን የጻፍነው በእኛ አቆጣጠር ሲሆን የውጭውን እ.ኤ.አ. በማለት ለይተነዋል።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በዕለተ እንቁጣጣሽ ጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥማቸውና በዜማቸው የታወቁ፣ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። ይድነቃቸው አዲስ አበባ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሩ። ከትምህርቱ ጎን ለጎን ልባቸውን የሳበው ኳስ ነበር።

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ ወጣቶች አራዳ ውስጥ አንድ የኳስ ቡድን አቋቋሙ። ስሙንም በአካባቢው ከሚገኘው ደብር ወስደው ቅዱስ ጊዮርጊስ አሉት። የአድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት መሆኑን ለሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ ስሙ ትልቅ ትርጉም ነበረው። ይድነቃቸው ገና ልጅ ሳሉ ወደዚህ ቡድን ገቡ።

ቡድኑ ግን በተመሠረተ በጥቂት ወራት ውስጥ ከተማዋ በወራሪ እጅ ወደቀች። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሽስት ጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። በሚቀጥለው ዓመት የካቲት 12 በጀመረው የሦስት ቀን ጭፍጨፋ የከተማዋ ሕዝብ በየቤቱና በየመንገዱ ተገደለ። የተማሩ ወጣቶችም እየተለቀሙ ተገደሉ። ይድነቃቸው በዚያን ጊዜ የ15 ዓመት ልጅ ነበሩ።

ፋሽስቶች ከዚያ በኋላ ነጭና ጥቁር አብረው እንዳይኖሩ ሕግ አወጡ። ይህ አድልዎ ኳስ ሜዳም ደረሰ። የአገሬው ተወላጅ ስፖርት ለብቻው እንዲተዳደር ተደረገ። ጣሊያኖች እርስ በርሳቸው ይጫወታሉ፤ ኢትዮጵያውያንም ለብቻቸው። የሁለቱ ቡድኖች መግጠም ክልክል ነበር። ምክንያቱን ለመገመት አያዳግትም። በሜዳ ላይ ሁለቱም 11፣ 11 ናቸው፤ ኳሷም ቀለም አትለይም። ገዢው በተገዢው አንድ ጊዜ ቢሸነፍ የበላይነቱ ወሬ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ቅዱስ ጊዮርጊስም ስሙን ተነጥቆ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተባለ። ሊቶሪዮ ፋሽስቶች ከዓርማቸው ጋር አያይዘው የሚጠቀሙበት ቃል ነው። ልጆቹ ግን መጫወታቸውን አልተዉም።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ አገሪቱም ነፃ ወጣች። ጊዮርጊስ የቀድሞ ስሙን መልሶ ያዘ። ያን ጊዜ በከተማው ፎርቲቱዶ የሚባል የጣሊያኖች ቡድን ነበር። ለአምስት ዓመት የተከለከለው ግጥሚያ በመጨረሻ ተካሄደ፤ ጊዮርጊስም አሸነፈ።

ተማሪዎች ሆይ፣ ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን በደንብ ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ1943 የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ተቋቋመ፤ በ1944ም የመጀመሪያው ሻምፒዮና ተደረገ። የተወዳደሩት አምስት ቡድኖች ናቸው፦ የኢትዮጵያውያኑ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን፣ እንዲሁም የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ። ትናንት ከሜዳ ያባረሩት ዛሬ ከሜዳ አልተባረሩም። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ነበሩ። ጊዮርጊስ ሻምፒዮን እስኪሆን ድረስ እስከ 1950 እ.ኤ.አ. መታገሥ ነበረበት።

አቶ ይድነቃቸው ለጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫወቱ። በ365 ጨዋታዎች 318 ጎሎች እንዳገቡ ይነገራል። ለብሔራዊ ቡድንም ተሰልፈዋል። በዚያው ጊዜ በፌዴሬሽኑ ውስጥ እየሠሩ የአገሪቱን ኳስ ካደራጁት ሰዎች ዋነኛው ሆኑ።

የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች ካርቱም ላይ ተሰብስበው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሠረቱ። ከመሥራቾቹ አንዱ አቶ ይድነቃቸው ናቸው። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም እዚያው ሊደረግ ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ተመደበች። ደቡብ አፍሪካ ግን ወይ ነጮች ብቻ ወይ ጥቁሮች ብቻ ያሉበት ቡድን ካልሆነ አላመጣም አለች። መሥራቾቹ ይህን አልተቀበሉም፤ ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ውጪ ሆነች። አቶ ይድነቃቸው እንዲህ ያለውን ሕግ በልጅነታቸው በገዛ ሜዳቸው ያዩት ስለሆነ ለእርሳቸው አዲስ ነገር አልነበረም። በዚያ ውድድር ኢትዮጵያ በፍጻሜው በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ግን አዲስ አበባ ላይ ታሪክ ተለወጠ። አቶ ይድነቃቸው ያሠለጠኑት ቡድን በፍጻሜው ከግብፅ ጋር ተጋጠመ። ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነ። ሁለተኛዋን የአቻነት ጎል ያገባው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ጎል አክለው ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። ቫሳሎዎቹ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱ ናቸው። አዲስ አበባ ከፋሽስት በተላቀቀች በ21ኛው ዓመት ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው የኢትዮጵያ አምበል የጣሊያናዊ ልጅ ነበር።

አቶ ይድነቃቸው እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት፣ ከ1971 ጀምሮም የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ነበሩ። ሁለት ነገሮችን አጥብቀው ታግለዋል። አንደኛው አፍሪካ በዓለም ዋንጫ የራሷ ቦታ እንዲኖራት ነው። የአፍሪካ አገሮች ለ1966ቱ የእንግሊዝ ዓለም ዋንጫ ቀጥተኛ ቦታ ስለተነፈጉ ከማጣሪያው ወጡ፤ በ1970 ግን ቦታው ተሰጥቶ ሞሮኮ ሜክሲኮ ሄደች። ሁለተኛው ትግላቸው በዘር ልዩነት የምትገዛው ደቡብ አፍሪካ ከስፖርቱ እንድትገለል ነበር። ይህም እ.ኤ.አ. በ1976 ፊፋ አገሪቱን ባባረረ ጊዜ ተፈጸመ።

አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በቡሄ ዕለት አረፉ። እዚህ ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ስታዲየም የተካሄደው የመላ አፍሪካ ጨዋታ ከተዘጋ ገና አንድ ሳምንቱ ነበር። ደቡብ አፍሪካ የዘር አገዛዙን መተው ስትጀምር እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ ኳሱ ተመለሰች። በ1996ም ጥቁርና ነጭ አብረው በተሰለፉበት ቡድን የአፍሪካን ዋንጫ በአገሯ ወሰደች። አቶ ይድነቃቸው ይህን ለማየት ዕድሜ አልሰጣቸውም።

እኛም በስደት ላይ ሆነን የሜዳን ዋጋ እናውቃለን። ቤትና አገር የራቀው ልጅ ሜዳ ውስጥ ሲገባ ለአንድ ሰዓት ያህል ከማንም አያንስም። ስለዚህ ልጆች፣ ቡድን ስትመርጡ አንዱን ልጅ ከየት እንደመጣ ወይም በምን ቋንቋ እንደሚናገር አይታችሁ ወደ ጎን አትበሉት። ወላጆችም ይህን ከቤት አስተምሩ። ከሜዳ መባረር ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ሌላውን ከሜዳ እንደማያባርር ከጊዮርጊስና ከአቶ ይድነቃቸው ታሪክ ተምረናል።

ጥያቄዎች ለተማሪዎች

1. ፋሽስቶች ኢትዮጵያውያንና ጣሊያኖች እንዳይጋጠሙ የከለከሉት ለምን ይመስላችኋል?
2. በመጀመሪያው ሻምፒዮና የተካፈሉትን አምስት ቡድኖች ጥቀሱ።
3. በክፍላችሁ ቡድን ሲመረጥ ሁልጊዜ የሚቀር ልጅ አለ? ምን ልታደርጉ ትችላላችሁ? ከወላጆቻችሁ ጋር ተወያዩበት።