ማዳም ኩሪና የጥንቃቄ ግዴታ

በጉለሌ በሚገኘው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም ሆነ በሌላ የሕክምና ድርጅት ሕመምተኛ ራጅ ሲነሣ፣ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ ጨረራ ከሚያግድ መከለያ በስተጀርባ መቆም፣ በደረቱም ላይ የሚደርስበትን የጨረራ መጠን የሚመዘግብ ትንሽ መለኪያ ማድረግ ይኖርበታል። ይህ ሥርዓት በዘፈቀደ የመጣ አይደለም፤ ብዙ ሰዎች ጤንነታቸውንና ሕይወታቸውን ካጡ በኋላ የተገኘ ነው። ከእነዚህም ሰዎች መካከል በዓለም ስሟ የገነነው ማዳም ኩሪ አንዷ ናት።

ማዳም ኩሪ እ.ኤ.አ. በ1867 ዓ.ም. በፖላንድ አገር በዋርሶ ከተማ ተወለደች። የልጅነት ስሟ ማሪያ ስክሎዶፍስካ ነበር። በዚያን ጊዜ ዋርሶ በሩሲያ አገዛዝ ሥር ነበረች። አባቷ የሒሳብና የፊዚክስ መምህር፣ እናቷም የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበሩ። ማሪያ ገና በ10 ዓመቷ እናቷን በሳንባ ነቀርሳ አጣች። የዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ሴቶችን አይቀበልም ነበርና፣ ከእኅቷ ከብሮንያ ጋር ተመካክራ በሰው ቤት የልጆች አስተማሪ ሆና ተቀጠረች፤ ከምታገኘውም ደመወዝ በፓሪስ ሕክምና የምታጠናውን እኅቷን ትረዳ ጀመር። ተራዋ በደረሰ ጊዜ፣ በ1891፣ እርሷም ወደ ፓሪስ ሄዳ ሶርቦን ገባች። በብርድና በችግር ውስጥ እየኖረች በ1893 የፊዚክስ ፈተናዋን በአንደኛነት አለፈች። በ1895 ፒየር ኩሪ የተባለውን የፊዚክስ ሊቅ አገባች።

በ1896 ቤክሬል የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ፣ ዩራኒየም ከተባለው ንጥረ ነገር በዓይን የማይታይ ጨረራ እንደሚወጣ ደርሶበት ነበር። ማሪም ይህን ጉዳይ ለምርምሯ መረጠች። በ1898 ከባሏ ጋር ፖሎኒየምንና ራዲየምን አገኘች። ከዚያም ራዲየሙን ለብቻው ለማውጣት፣ ጣራው በሚያፈስ አሮጌ ዳስ ውስጥ ብዙ ቶን ማዕድን ስታፈላና ቁመቷን በሚያህል የብረት ዘንግ ስታማስል ከረመች። በ1902 ከዚያ ሁሉ ማዕድን የተገኘው የራዲየም ጨው ከአንድ ግራም አንድ አሥረኛው ብቻ ነበር። በ1903 ከባሏና ከቤክሬል ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። ፒየር በ1906 በፈረስ በሚጎተት ጋሪ ተድጦ ሞተ፤ እርሷም የባሏን የማስተማር ሥራ ተረክባ በሶርቦን የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር ሆነች። በ1911 ለሁለተኛ ጊዜ የኖቤል ሽልማት አገኘች።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ባልና ሚስቱ ራዲየሙን ያለ መከላከያ በእጃቸው ይይዙት ነበር። ማታ ማታም ወደ ዳሱ እየሄዱ በጨለማ ሲያበራ በደስታ ይመለከቱት ነበር። የማሪ የጣቶቿ ጫፎች ደርቀው ተሰነጣጠቁ። ፒየርም ራዲየም በክንዱ ላይ አሥሮ ቆዳው ሲቃጠል አየ፤ ከዚህም የተነሣ ራዲየም ነቀርሳን ለማከም እንደሚያገለግል ታወቀ። ነገር ግን ጨረራው ቀስ በቀስ ወደ አጥንት መቅኔ ዘልቆ ደምን እንደሚያደርቅ ገና በሚገባ አልታወቀም ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ማሪ ከልጇ ከኢሬን ጋር የራጅ መሣሪያ የተጫነባቸውን መኪናዎች ወደ ጦር ግንባር ይዛ በመሄድ ለቁስለኞች ሕክምና አገለገለች፤ በዚያም ጨረራው አልማራትም። በኋላም ዓይኖቿ በሞራ ተጋረዱ። በመጨረሻ መቅኔዋ ደም መሥራት ተስኖት ሐምሌ 4 ቀን 1934 እ.ኤ.አ. አረፈች። የምርምር ማስታወሻዎቿ ዛሬም ጨረራ ስላለባቸው በእርሳስ ሣጥን ውስጥ ይጠበቃሉ።

ማዳም ኩሪ ጉዳት የደረሰባት አብዛኛውን ጊዜ ባለማወቅ ነው። በዚያው ዘመን በአሜሪካ፣ በኒው ጀርሲ የደረሰው ግን ከዚህ የተለየ ነው። በአንድ ፋብሪካ ወጣት ሴቶች ራዲየም ባለበት ቀለም የሰዓት ገጽ ይቀቡ ነበር። ብሩሹን በከንፈራቸው እንዲያሾሉ ሲታዘዙ ቀለሙ አይጎዳም ተብለው ነበር። የፋብሪካው ኬሚስቶች ግን ራሳቸውን በእርሳስ መከለያና በመቆንጠጫ ይጠብቁ ነበር። የሴቶቹ መንጋጋ መበስበስ፣ አጥንታቸውም መሰበር ጀመረ። አምስቱ ፋብሪካውን ከሰው በ1928 በስምምነት ካሣ ተቀበሉ። በዚያው ዓመት በስቶክሆልም የተሰበሰቡ የራጅ ሐኪሞች የመከላከያ ደንብ የሚያወጣ ዓለም አቀፍ ኮሚቴ አቋቋሙ።

ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች የሚነሣው ጥያቄ፣ አንድ ሰው ለሌላው ምን ያህል መጠንቀቅ አለበት የሚል ነው። በኢትዮጵያ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚደነግገው፣ በሙያ ሥራ የተሠማራ ሰው የሙያውን ደንብ መጠበቅ አለበት፤ በሳይንስ በተረጋገጠውና በሙያው ተቀባይነት ባገኘው ደንብ ሲመዘን ቸልተኛ ሆኖ ከተገኘ ለጉዳቱ ኃላፊ ይሆናል። ስለዚህ ዕውቀት በጨመረ ቁጥር ግዴታውም ይጨምራል፤ ትናንት የማይታወቅ ነበር ተብሎ የታለፈው ዛሬ ጥፋት ነው።

ጨረራን በሚመለከት በአገራችን በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 79 ወጣ፤ ከዚያም አዋጅ ቁጥር 571/2000 እና አዋጅ ቁጥር 1025/2009 ተከተሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪው ለሠራተኞቹ ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስረዳና የመከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። በዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት በጨረራ ሥራ ላይ ያለ ሰው የሚቀበለው መጠን በአምስት ዓመት አማካይ ሲሰላ በዓመት ከ20 ሚሊሲቨርት መብለጥ የለበትም። ከዚህ በታችም ቢሆን፣ በተቻለ መጠን እንዲቀንስ ማድረግ የአሠሪው ግዴታ ነው።

እንግዲህ ከማዳም ኩሪ ሕይወት የምንማረው ትጋትን ብቻ አይደለም። እርሷ በአካሏ የከፈለችበት ዕውቀት ለኛ ያለ ዋጋ ደርሶናል። ይህን እያወቀ ሠራተኛውን ያለ መከላከያ የሚያሠራ አሠሪ አላወቅሁም ሊል አይችልም፤ የተሰጠውን መለኪያ በመሳቢያ ውስጥ ትቶ ወደ ራጅ ክፍል የሚገባ ሠራተኛም እንዲሁ።