አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ ያለው ሰው

በዚህ እትም የማቀርብላችሁ የአልፍሬድ ቬገነርን የሕይወት ታሪክ ነው። ስሙን ያልሰማችሁ ትኖራላችሁ። እኔም እስከ አምና ድረስ አላውቀውም ነበር። መጀመሪያ እንዴት እንዳወቅኩት ልንገራችሁ።

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ በተደጋጋሚ ሲነሳ እዚህ አዲስ አበባም ተሰምቶን እንደነበር ታስታውሳላችሁ። አንድ ሌሊት አልጋዬ ሲወዛወዝ ትንሿ እህቴ የነቀነቀችኝ መስሎኝ ተቆጣኋት። እሷ ግን ተኝታ ነበር። ወዲያው የቁም ሳጥኑ በር ብቻውን መንኳኳት ጀመረ፣ ሁላችንም እየሮጥን ግቢ ወጣን። አያቴ እግዚኦ ማለት ጀመሩ። እህቴ እጄን ይዛ መሬት የምትንቀጠቀጠው ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔ ደግሞ በክፍላችን ጎበዝ ነኝ የምል ልጅ ነኝ፣ ግን የምመልስላት ነገር አጣሁ። በጣም አፈርኩ።

በማግስቱ ላይብረሪ ገብቼ የመሬት ስዕል ያለበትን መጽሐፍ ሁሉ አወረድኩ። ማታ ደግሞ የወንድሜን ስልክ ለምኜ ጎግል ላይ ፈለግኩ። መጽሐፉም ስልኩም የወሰዱኝ ወደ አንድ ሰው ነው፣ ወደ ቬገነር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አልፍሬድ ቬገነር በ1880 በጀርመን ዋና ከተማ በበርሊን ተወለደ። ለቤተሰቡ አምስተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበር። በዩኒቨርሲቲ የተማረው ስለ ከዋክብትና ፕላኔቶች ማለትም አስትሮኖሚ ነው፤ በ1905 በዚሁ ትምህርት ዶክተር ሆነ። ከዛ በኋላ ግን ልቡ ወደ አየር ጠባይ ጥናት ሄደ። በ1906 ከወንድሙ ከኩርት ጋር በትልቅ ፊኛ ተሳፍሮ ከ52 ሰዓት በላይ አየር ላይ ቆየ። ይህ በዚያን ጊዜ የዓለም ሪከርድ ነበር። በዚያው ዓመት ደግሞ በበረዶ ወደተሸፈነችው ግሪንላንድ ለምርምር ሄደ።

በ1910 አንድ አዲስ አትላስ ሲያገላብጥ ዓይኑ አንድ ነገር ላይ አረፈ። የደቡብ አሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻና የአፍሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ እንደ ተቀደደ ወረቀት ይገጥማሉ። እኔም ይህን ሳነብ አላመንኩም። በስስ ወረቀት ሁለቱን ከአትላሱ ላይ ገልብጬ በመቀስ ቆረጥኩና አጠጋጋኋቸው። እውነትም የብራዚል ጉብታ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። እናንተም ሞክሩት።

ካርታ ስለገጠመ ብቻ ግን ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ቬገነር ከሙያው ውጪ ያሉ መጻሕፍትን ማንበብ ጀመረ። ሜሶሳውረስ የምትባል አዞ የምትመስል ትንሽ ተሳቢ እንስሳ ነበረች። ቅሪተ አካሏ በደቡብ አሜሪካና በደቡባዊ አፍሪካ ብቻ ተገኝቷል። ያንን ሁሉ ውቅያኖስ ዋኝታ ልትሻገር አትችልም። ዛሬ በጣም በሚሞቁ አገሮች ደግሞ የጥንት በረዶ አለቱን የቧጨረበት ምልክት ተገኝቷል። ስለዚህ አህጉራት ሁሉ ድሮ አንድ ላይ እንደነበሩና ቀስ በቀስ እንደተለያዩ በ1912 በስብሰባ ላይ ተናገረ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሁለት ጊዜ ቆስሎ ሲያገግም መጽሐፉን ጻፈ፣ በ1915ም ታተመ። ያንን አንድ የነበረ ትልቅ መሬት ዛሬ ፓንጂያ እንለዋለን።

ብዙ ሳይንቲስቶች ተቃወሙት። እሱ የአየር ጠባይ ሰው ስለሆነ ስለ አለት ምን አገባው አሉ። አማቱ ቭላድሚር ኮፐን ትልቅ የአየር ንብረት ሊቅ ነበሩ፤ እሳቸው እንኳን መጀመሪያ ላይ ከሙያው እንዳይወጣ መክረውት ነበር። እውነቱን ለመናገር ተቃዋሚዎቹም አንድ ትክክል ነገር ነበራቸው። አህጉራትን የሚገፋቸው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ የመሬት መሽከርከርና የጨረቃ ስበት ናቸው ብሎ ነበር። ይህ ኃይል ግን ለዛ አይበቃም። መንቀሳቀሳቸውን አውቋል፣ ምክንያቱን ግን አላገኘም።

ቬገነር የድሮ ትምህርቱንም አልተወም። የጨረቃ ጉድጓዶች ከሰማይ በወደቁ ድንጋዮች የተፈጠሩ መሆናቸውን ለማሳየት የሲሚንቶ ዱቄት ላይ ዱቄት እየጣለ ሞከረ። በ1921 ይህንን አሳተመ። ዛሬ ሳይንቲስቶች በዚህ ይስማማሉ። እኔም በጤፍ ዱቄት ልሞክር ስል አያቴ ስላባረሩኝ በአመድ ላይ ጠጠር ጣልኩ። ልክ እንደ ጨረቃ ክብ ጉድጓድ ወጣ፣ ዳር ዳሩም ከፍ ያለ።

በ1930 ቬገነር የምርምር ቡድን እየመራ እንደገና ግሪንላንድ ሄደ። በበረዶው መሐል፣ ከባሕሩ 400 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ ክረምቱን የሚያሳልፉ ባልደረቦች ነበሩት። ስንቅ ስላነሳቸው በውሻ በሚጎተት ተንሸራታች ጋሪ ይዞላቸው ጉዞ ጀመረ። ብርዱ ከዜሮ በታች ከ50 ዲግሪ አልፎ ነበር። አብረውት ከተነሱት አብዛኞቹ ከመንገድ ተመለሱ፣ እሱና ሁለት ሰዎች ግን ደረሱ። ኅዳር 1 ቀን 50 ዓመት ሞላው። በዚያው ቀን ራስሙስ ቪሉምሰን ከሚባል የግሪንላንድ ወጣት ጋር ወደ ባሕሩ ለመመለስ ተነሳ። ሁለቱም አልደረሱም። በ1931 ግንቦት ወር የቬገነር አስከሬን በበረዶ ውስጥ በጥንቃቄ ተቀብሮ ተገኘ። በዚያ ብርድ ብቻውን የቀበረው ቪሉምሰን ነው። እሱ ራሱ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ይህን ሳነብ አለቀስኩ።

ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሳይንቲስቶች የውቅያኖስን ወለል ሲያጠኑ ወለሉ ከመሐሉ እየተከፈተ እንደሚሰፋ አገኙ። የመሬት ቅርፊት ፕሌት በሚባሉ ትልልቅ ቁራጮች የተከፋፈለ ነው። ከሥር ባለው ሙቀት ምክንያት በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር፣ ጥፍራችን በሚያድግበት ፍጥነት ያህል ይንቀሳቀሳሉ። ቬገነር ይህን ሳያይ ሞተ።

እኛ አገር ደግሞ ይህ ነገር ደጃችን ላይ አለ። አፋር ውስጥ ሦስት ፕሌቶች እየተለያዩ ነው። በ1998 ዓ.ም. መስከረም ላይ በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መሬት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተሰነጠቀ። ስምጥ ሸለቆውም የተፈጠረው መሬቱ እየተሳሳበ ስለሆነ ነው። ፈንታሌም ያለው እዚያው ሸለቆ ውስጥ ነው። ያን ሌሊት አልጋዬን የነቀነቀው የቬገነር አህጉር ነበር ማለት ነው።

ለእህቴ ይህን ሁሉ በሁለቱ ወረቀቶች አስረዳኋት። ገባት። ከዛ መሬቱ እንደገና የሚንቀጠቀጠው መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድሞ ማወቅ የሚችል ሰው እስካሁን እንደሌለ ነገርኳት። በዚህኛው መልስ አላፈርኩም።

እናንተም የማታውቁትን ስትጠየቁ ላይብረሪያችን ሰኞና ረቡዕ ከሰዓት ክፍት ነው። አትላሱ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ አለ። ቸር እንሰንብት።